ብርቱካኗ ሴሬስና ሎሚዋ ቬስታ፦ ሁለት አስትሮይዶችን ድሬ ላይ ሆኖ ማወዳደሪያ

የእህቴ ልጅ ስልኬን ነጥቃ ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። አንዱ ሴሬስ፣ አንዱ ቬስታ። ሁለቱም አስትሮይድ ናቸው፤ ፀሐይን የሚዞሩ፣ ከፕላኔት የሚያንሱ አካላት። "አጎቴ፣ የቱ ይበልጣል?" አለች። ሁለቱም ስክሪኑን ሞልተውታል። አየሁና "እኩል ናቸው" አልኩ።

ስህተቴ ቀላል አልነበረም። ሴሬስ ባዶ ቅል ብትሆን ቬስታን አቅልጠን አምስት ጊዜ ገልብጠንባት ቦታ ይተርፋት ነበር። ስልኩ ግን ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ልክ ዘርግቶ ያሳያል። ያኔ ነው ከልጅቷ ጋር ደብተር ይዘን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ሥራ የጀመርነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። እናንተ ስህተታችንን ስለማትደግሙት በሁለት ትጨርሱታላችሁ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ካልኩሌተር ያለው ስልክ፣ አንድ ባልዲ የሸክላ አፈር፣ ከጋራዥ የተለቀሙ አሮጌ ዳዶና ቡሎኖች፣ የወጥ ቤት ሚዛን። ለመጨረሻው ክፍል ባይኖኩላር ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ተዋሱ። የራሳችሁን የምትገዙ ከሆነ ላዩ ላይ "10x50" የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። አሥር እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱም 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው።

1. በአንድ ቁና የተሰፈሩትን ምረጡ

በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ቀበቶ ውስጥ የሚዞሩት አስትሮይዶች ለቁጥር የሚታክቱ ናቸው። ለጀማሪ ግን ከሴሬስና ከቬስታ የተሻለ ጥንድ የለም። ምክንያቱም ዶውን የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ሁለቱንም ሄዳ አይታቸዋለች። በ2007 ተነሣች። ከ2011 እስከ 2012 ቬስታን ዞረች። በ2015 ሴሬስ ደረሰች፤ በ2018 ነዳጇ አልቆ ሥራዋ እስኪያበቃም እዚያው ቆየች። ሁለቱ የተለኩት በአንድ ካሜራና በአንድ መሣሪያ ነው። አንዱን በጣሳ፣ ሌላውን በቁና ሰፍሮ ማወዳደር አይቻልም።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት። እኛ በእኛውና በእነሱ አቆጣጠር ቀላቅለን ጽፈን አንድ ሙሉ ገጽ ቀደናል።

2. ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ሴሬስ፣ በቀኝ ቬስታ።

ሴሬስ፦ ጁሴፔ ፒያሲ ሲሲሊ ደሴት ላይ ፓሌርሞ ሆኖ ጥር 1 ቀን 1801 አገኛት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአማካይ 940 ኪሎ ሜትር ናት። ፀሐይን በ4.6 ዓመት ትዞራለች። በራሷ ዛቢያ በ9 ሰዓት ገደማ ትሽከረከራለች። ከ2006 ጀምሮ ድንክ ፕላኔት ተብላለች።

ቬስታ፦ ሃይንሪክ ኦልበርስ ጀርመን አገር ብሬመን ላይ መጋቢት 29 ቀን 1807 አገኛት። በአማካይ 525 ኪሎ ሜትር ናት። ፀሐይን በ3.6 ዓመት ትዞራለች። አንድ ዙር የምትሽከረከረው በ5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው።

(ጥርና መጋቢት ያልኩት ጃንዋሪንና ማርችን ነው።)

ቁጥር ብቻውን ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በአገር ለኩት። ቬስታን እንደ ብርቱካን ብንልጣት ልጣጯ 866,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ኢትዮጵያ ከ1.1 ሚሊዮን ትንሽ ትበልጣለች። ስለዚህ አገራችንን ቬስታ ላይ ብናለብሳት ጠቅልላት ትተርፋለች። ለሴሬስ ግን ሁለት ኢትዮጵያ አይበቃም። ሁለት ተኩል ይፈልጋል።

3. ቀበቶውን ከድሬ እስከ ባቢሌ ዘርጉት

በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ሚዛናችን አንድ ሴንቲ ሜትር ለ100 ኪሎ ሜትር ይሁን። ያኔ ሴሬስ 9.4 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ደህና ወፈር ያለች ብርቱካን በሉት። ቬስታ 5.25 ትሆናለች፤ ከቀፊራ ገበያ ሎሚ መርጣችሁ ትልቋን ብታነሱ እሷን ትመስላለች።

አሁን ፀሐይን ከዚራ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ላይ አስቀምጧት። በዚህ ሚዛን 139 ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ናት። ጣቢያውን ትውጠዋለች። ከዚያ አቅጣጫችሁን ወደ ሐረር አድርጉ። የምንለካው በቀጥታ መስመር ነው እንጂ በመኪና መንገዱ አይደለም። የደንገጎ ጥምዝምዝ ሒሳብ ውስጥ ከገባ አለቀልን።

በ15ኛው ኪሎ ሜትር፣ የደንገጎን አቀበት ጨርሰን፣ መሬትን እናገኛለን። አንድ ሜትር ከ27 ሴንቲ ናት። በ23ኛው ላይ፣ ሐረማያ ሳንደርስ፣ ማርስ አለች። ከዚያ ባዶ ነው። በ35ኛው ኪሎ ሜትር፣ አወዳይ አካባቢ፣ ከጫቱ ገበያ ግርግር መሀል አንዲት ሎሚ ተቀምጣለች። ቬስታ እሷ ናት። ስድስት ኪሎ ሜትር ጨምራችሁ፣ ሐረር ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ፣ ብርቱካኗን ታገኛላችሁ። ሴሬስ ናት። የጀጎል ግንብ ውስጥ ገብታችሁ አትፈልጓት፤ አልፋችኋት ሄዳችኋል። ጁፒተር ደግሞ ባቢሌን አልፎ በ78ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 14 ሜትር ሆኖ ይጠብቃል።

ሁለቱ ምህዋራቸውን የሚዞሩት በተለያየ ፍጥነት ስለሆነ፣ እንዲህ በአንድ መስመር የሚሰለፉት በ17 ዓመት አንዴ ገደማ ነው። በሌላው ጊዜ አንዷ አወዳይ ስትሆን ሌላኛዋ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ፣ ኢሳዎቹ በረሃ ውስጥ ልትሆን ትችላለች።

ፊልም ላይ መንኮራኩር በድንጋይ መሀል እየተሹለከለከች ስታልፍ አይታችኋል። እርሱት። የቀበቶው ሁለቱ ግዙፎች ሎሚና ብርቱካን ናቸው፤ የቀረው በአብዛኛው ጠጠርና አሸዋ ሆኖ ከሐረማያ እስከ ሐረር ማዶ፣ ዙሪያውን ሁሉ ተበትኗል። የቀበቶው ዕቃ በሙሉ ተሰብስቦ ቢመዘን የጨረቃን 3 በመቶ ቢሆን ነው። ከዚያ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሴሬስ ብቻ ነው።

እዚሁ ላይ አንድ የሒሳብ ፈተና ሥሩ። ፀሐይና መሬት ያላቸውን ርቀት 1 በሉት። የቬስታ 2.36፣ የሴሬስ 2.77 ይሆናል። ርቀቱን ሦስት ጊዜ ጽፋችሁ እርስ በርሱ አባዙት (2.36 ጊዜ 2.36 ጊዜ 2.36)፤ ከዚያ ካሬ ሥሩን አውጡ። የሚወጣው የዙሩ ጊዜ በዓመት ነው። ለቬስታ 3.6፣ ለሴሬስ 4.6 ካልመጣላችሁ ስልኩን አትውቀሱ፤ እንደገና ምቱት። የሰማይ ተመራማሪው ኬፕለር ይህን ሕግ ያወጣው ሁለቱ አስትሮይዶች ከመገኘታቸው ከ180 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

4. በጭቃ ሥሯቸውና መዝኗቸው

መጠን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ክብደት ነው። ሴሬስ በይዘት የቬስታ 5.7 እጥፍ ናት። በክብደት ግን 3.6 እጥፍ ብቻ ናት። የጎደለው ወዴት ሄደ? እጃችሁ ይንገራችሁ።

አፈሩን በውኃ አቡኩና ሁለት ኳስ አድቦልብሉ። በማስመሪያ ለኩ፦ አንዱ 9.4፣ አንዱ 5.25 ሴንቲ ሜትር። በዚህ ሚዛን ትልቁ 940 ግራም፣ ትንሹ 260 ግራም ሊመዝኑ ይገባል። ሳይደርቁ መዝኗቸው። ጭቃ ሲደርቅ ውኃው ይተናል፣ ኳሱም ይኮማተራል። እኛ ፀሐይ ላይ አስጥተን ምሳ በልተን ስንመለስ ሴሬስ ተሰነጣጥቃ ጠበቀችን። የድሬ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም።

ሴሬስን ስትመዝኑ ትንሽ ብቻ ይጎድላታል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋና ጠጠር ከጭቃው ጋር ስታቦኩ ይሞላል። ቬስታ ላይ ግን ችግር አለ። ጭቃው ብቻ ከ150 ግራም አይዘልም። ምን ብታጨቁት 260 አይደርስም። እዚህ ላይ ዳዶዎቹ ይግቡ። ኳሱን ለሁለት ክፈሉት፣ መሀሉ ላይ ብረት ሙሉበት፣ መልሳችሁ ዝጉት፣ መዝኑ። 260 እስኪደርስ ጨምሩ።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እውነተኛዋ ቬስታም መሀሏ ብረት ነው። ገና ጨቅላ ሳለች ውስጧ ቀልጦ ብረቱ ወደ መሀል ሰጥሟል፣ ቀላሉ ድንጋይ ወደ ላይ ወጥቷል። ላይዋን የሸፈነው ባዛልት የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጭቃችን ከእሱ ስለሚቀል ብረቱን ከእውነተኛው ልክ አብዝተን መጨመር ግድ ይለናል። ይህንን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ቬስታ ግማሿ ብረት ናት ብለው ይይዙታል።

ሴሬስ ደግሞ በውስጧ ብዙ በረዶና ውኃ የያዘ ማዕድን አለ። ውኃ ከድንጋይ ይቀላል። የጎደለው ክብደት እዚያ ነው።

ትምህርት ቤት "እፍግታ" ተብሎ የተማርነው ይኸው ነው። ለአንድ ሊትር ይዘት ሴሬስ 2.16 ኪሎ፣ ቬስታ 3.46 ኪሎ ትመዝናለች። ውኃ 1 ኪሎ ነው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አለ። የሁለቱ ስበት ተቀራራቢ ነው። እዚህ አንድ ኩንታል የሚመዝን ጤፍ ሴሬስ ላይ ሚዛኑ 3 ኪሎ ገደማ ቢል፣ ቬስታ ላይ 2 ኪሎ ተኩል ይላል። ቬስታ ትንሽ ብትሆንም የታጨቀች ናት፤ የቆማችሁበት ገጽም ለመሀሏ ቅርብ ነው። ስለዚህ ስበቷ የቁመቷን ያህል አይወርድም።

5. መልካቸውን ሥሩ

ሴሬስን በከሰል ዱቄት ለቅልቋት። እውነተኛዋም ጠቆር ያለች ናት፤ ካረፈባት ብርሃን ከመቶ ዘጠኙን ብቻ ነው የምትመልሰው። ኳስነቷን ግን አታበላሹ። የራሷ ስበት አድቦልብሏታል፣ ድንክ ፕላኔት ያሰኛትም አንዱ ይኸው ነው። ቀጥሎ በእርሳስ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ክብ ጉድጓድ ቆፍሩ። ኦካቶር ይባላል፣ 92 ኪሎ ሜትር ነው። መሀሉ ላይ ቁንጥር ጨው ጣሉ። ዶውን ስትጠጋ እዚያ የሚያበራ ነጭ ነገር ታይቶ ስንቱን አነጋገረ። በኋላ በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት ሆኖ ተገኘ። አቢያታ ሐይቅ ላይ ሶዳ አሽ ሲመረት ያየ ሰው ዕቃውን ያውቀዋል። ከውስጥ የወጣ ጨዋማ ውኃ ደርቆ የተረፈ ነው።

ቬስታን በአመድ ንፉባት። ብርሃን በመመለስ ታላቋን በአራት እጥፍ ትበልጣለች፦ ከመቶ 42። ከዚያ ጨክኑባት። ከታች በኩል፣ ደቡብ ዋልታዋ ላይ፣ በአውራ ጣት ጠፍጥፏት። ሬያሲልቪያ የሚባለው ጉድጓድ 500 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ባለቤቲቱ ራሷ 525 ናት! በመሀሉ ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ጉብታ ተዉ። እሷ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የምትረዝም ተራራ ናት፤ ኤቨረስት ሁለቴ ቢደራረብ አይደርስባትም። ቬስታ ድንክ ፕላኔት ያልተባለችው እንዲህ ተመትታ ክብነቷ ስለጠፋ ነው።

በዚያ ምት የተፈናጠረው ድንጋይ ሁሉ ጠፍቶ አልቀረም። መሬት ላይ ከሚገኙት ሜትዮራይቶች (ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮች) ከመቶ አምስት ስድስቱ ከቬስታ የመጡ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ሴሬስ ግን እርግጠኛ ሆነን "ይህ ከእሷ ነው" የምንለው ድንጋይ እስካሁን አልሰጠችንም።

6. የምትደምቀው የቷ ናት? መጀመሪያ አስሉ

ሰማይ ከማየታችሁ በፊት ገምቱ። ብዙ ሰው ትልቋ ትደምቃለች ይላል። እኔም ብዬ ነበር።

የሚመለሰው ብርሃን ወርዱን በራሱ አባዝቶ፣ በሚመለሰው ድርሻ እንደገና ማባዛት ነው። ቬስታ፦ 525 ጊዜ 525 ጊዜ 0.42፣ ወደ 115,800። ሴሬስ፦ 940 ጊዜ 940 ጊዜ 0.09፣ ወደ 79,500። በእኩል ርቀት እንኳ ቢሆኑ ትንሿ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ትበልጣለች።

ርቀቱን ጨምሩበት። ለእኛ በምትመቸው ሰዓት ቬስታ ከፀሐይ 2.36፣ ከእኛ 1.36 ትርቃለች። ሴሬስ 2.77 እና 1.77። የእያንዳንዷን ሁለት ቁጥሮች አባዙ፣ የሴሬስን በቬስታ አካፍሉ፣ የወጣውን በራሱ አባዙ። 2.3 ይመጣል። ቅድም ባገኘነው ስናባዛው ቬስታ 3.4 ጊዜ ያህል ደምቃ ትታያለች።

ቆይ፣ ታዲያ ሴሬስ እንዴት ቀድማ ተገኘች? ፒያሲ አስትሮይድ እየፈለገ አልነበረም። የከዋክብት ዝርዝር ሲያዘጋጅ ከሌሊት ወደ ሌሊት ቦታዋን የምትለውጥ ነጥብ አጋጠመችው። ዕድል ናት።

7. አሁን ወደ ሰማይ

ስቴላሪየም የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑ። ቦታውን ድሬዳዋ በሉት። ሴሬስንና ቬስታን በስማቸው ፈልጉና ፀሐይ ስትጠልቅ ከምሥራቅ የሚወጡበትን ወቅት ያዙ። ያኔ ነው የሚቀርቡንና የሚደምቁት። ለሴሬስ በየ15 ወሩ፣ ለቬስታ በየ17 ወሩ ገደማ ይመጣል። ክረምት ላይ ከዋለ ደመናው ሊያስቸግር ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ።

የሰዓት ነገር ያምታታል። ባዕድ ድረ ገጾች ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ይጽፋሉ። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 ቀንሱ። 18 ሰዓት ዩቲሲ ከሆነ 15፣ ከዚያ 3፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው።

ከከዚራና ከመጋላ መብራት ራቁ። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ። ወደ ደንገጎ በኩል ከፍ ማለት ጥሩ ነው፤ ግን ብቻችሁን አትሂዱ፣ የአካባቢውን ሰውም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በጨለማ ባይኖኩላር ይዞ የሚቆም እንግዳ ማንንም ያሳስባል። እኛን አንድ ሽማግሌ "አቦ፣ ምን ጠፋባችሁ?" ብለው ጠይቀውናል። ኋላ እሳቸውም አዩ። በሙቀት ወራት አልጋ ግቢ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ ሥራው ተጋድማችሁ ያልቃል፤ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ዓይናችሁን 20 ደቂቃ ጨለማ አልምዱት። ስልክ አትክፈቱ። መተግበሪያው ያሳያችሁን አካባቢ ፈልጉና በባይኖኩላሩ ውስጥ የሚታዩትን ነጥቦች በሙሉ ደብተር ላይ ሥሩ። ክብ ነገር አትጠብቁ። ሁለቱም ነጥብ ናቸው። የሰማይ ተመራማሪው ዊልያም ሄርሽል በ1802፣ ቬስታ ገና ሳትገኝ፣ ሴሬስንና መሰሏን "አስትሮይድ"፣ ኮከብ መሳይ፣ ያላቸውም ለዚህ ነው።

ሁለቱ በአንድ ሌሊት አብረው ለእይታ የሚመቹት አልፎ አልፎ ነው። በ2014 ሐምሌ (ጁላይ) መጀመሪያ ላይ በአንድ ባይኖኩላር ውስጥ አብረው ገብተው ነበር። እስከዚያ ዓይነቱ ጊዜ ድረስ የምታወዳድሩት በጎረቤት ከዋክብት ነው። ከእሷ ትንሽ የምትደምቅ አንድ ኮከብ፣ ትንሽ የምትደበዝዝ አንድ ኮከብ ምረጡ። የድምቀት ቁጥራቸውን መተግበሪያው ላይ ታገኛላችሁ። መሀል ላይ ገምቱና ጻፉ። ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል፤ የአንድ ቁጥር ልዩነት 2.5 እጥፍ ያህል ነው። ቬስታ በደህና ወቅት ከ5 እስከ 6 ትሆናለች፣ ሴሬስ በ7 ዙሪያ። የሁለቱ ልዩነት ወደ 1.3 ከተጠጋ በክፍል 6 ያሰላችሁትን 3.4 እጥፍ በገዛ ዓይናችሁ አገኛችሁት።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ተመልሳችሁ ያንኑ ቦታ እንደገና ሥሩ። ሁለቱን ሥዕሎች አነባብራችሁ ወደ መብራት ያዙ። የተንቀሳቀሰችው ነጥብ እሷ ናት፤ በአንድ ሌሊት የጨረቃን ወርድ ግማሽ ያህል ትሄዳለች። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ሰፈር ነው የሣላችሁት። በዓይን ብቻ ወደሚታየው ቅርብ ደማቅ ኮከብ ተመለሱና ከእሱ ጀምራችሁ፣ አንድ በአንድ እየተሻገራችሁ፣ እንደገና ፈልጉ።